ስፌቱ ወደ ውጭ

አክስቴ ኢልሃም የዩኒፎርሜን ግራ እጅጌ እየፈታች ነበር። በምላጭ ጫፍ አንዷን ክር ትቆርጣለች፣ ሦስት ስፌት ትዘላለች፣ ሌላዋን ትቆርጣለች፤ ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ሳብ ስታደርገው ስፌቱ በረጅሙ ይተረተራል። ያን ድምፅ እወደው ነበር። እግሯ ሥር ተቀምጬ ከጨርቁ ላይ የሚረግፈውን ክር እለቅማለሁ፤ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጋር፣ ነጩን ከነጭ ጋር። ዓመቱ 1988 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነው። በውስጥ ልብሴ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም ከአንድ ሰዓት በፊት ያንኑ ዩኒፎርም ክፍል ውስጥ፣ በስድሳ ሁለት ልጆች ፊት፣ አውልቄ ወለሉ ላይ ጥዬዋለሁ።

ሰው ሁሉ «ምነው?» አለኝ። አስተማሪዬ የዓለምወርቅ በነጠላዋ ጠቅልላ ከቁስቋም መንገድ እስከ አራዳ፣ እስከ አባቴ ሱቅ ድረስ ስታመጣኝ «ምነው ፈህሚያ? ምነው ልጄ?» እያለችኝ ነበር። አባቴ ዐብደላ ከስፌት ማኪናው ቀና ብሎ «ምነው?» አለ። እናቴ ከቤት ተጠርታ መጣች፤ እሷም «ምነው?» አለች። ምነው ለሚለው መልስ አልነበረኝም። ከመጋረጃው ጀርባ የምትሠራው ኢልሃም ብቻ፣ ፊቴን እንኳ ሳታየኝ፣ «የቱ ጋ ነው?» አለች።

ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። እጅጌው የሚገጠምበትን አሳየኋት። ብብቴን፣ አንገቴን፣ ወገቤን በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት። ምን እንደሚያደርገኝ ግን ያኔ መናገር አልችልም ነበር። አሁን ልሞክር። ሕመም አይደለም። አንድ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ከጠዋት እስከ ማታ ስምሽን ይጠራል እንበል፤ አቤት ብትይውም አያቆምም። አስተማሪዋ የምትለውን እንዳትሰሚ የሚያደርግሽ እንዲህ ያለ ጥሪ ነው። ሌላው ልጅ ሁሉ ይህን ጥሪ እየሰማ ዝም ብሎ የሚችለው ይመስለኝ ነበር። እኔ ብቻ ትዕግሥት የሌለኝ።

ኢልሃም እጅጌውን ፈታች፣ ጎኑን ፈታች፣ አንገቱን ፈታች። ከዚያ ሁሉንም ገለበጠችና መልሳ ሰፋችው፤ ከውስጥ ይሆን የነበረው የስፌቱ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውጭ ወጣ፤ እሱንም አጥፋ በላዩ ላይ ደገመችበት። ከውስጥ በኩል እንደ መዳፍ ለስላሳ ሆነ። ስትሰፋ ከማኪናው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ታዜማለች፤ ከፍም ዝቅም አይልም። እጇ ባዶ ሲሆን አውራ ጣቷን ከጠቋሚ ጣቷ ጋር ታሻለች።

ለበስኩት። ልብሱ ዝም አለ።

ኢልሃም የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ያኔ ሠላሳ ዓመት ሞልቷት ነበር፤ አዲስ ዓለም ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን አብራን ትኖራለች። የምትሠራው ከሱቁ ጓዳ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝማለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች። ሰው ፊት አታይም፤ ሰላምታ የምትሰጠው ለትከሻ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ፣ ከየገጠሩ የሚመጣው ክርስቲያን ደንበኛ ሱቃችንን ሲያጨናንቀው፣ ሁለትና ሦስት ቀን ቃል ሳይወጣት ትሰነብታለች። የሰፊዎቹ ሰፈር «የዐብደላ የዋህ» ይላታል። የዋህ የሚሉት ሌላውን ቃል ላለማለት ነው። እናቴ እኔን እያየች ለጎረቤት ቀስ ብላ ስታወራ በተደጋጋሚ የምሰማት አንድ ነገር ነበረች፤ እንደ ኢልሃም ትሆንብኝ ይሆን ብላ ትፈራለች። እኔ ደግሞ ይህን ፍርሃት የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ እንደ ኢልሃም አድርጌ የቁልፍ ቀዳዳ መዘምዘም እችል እንደሆነ የምትጠራጠር መሰለኝ። ስለዚህ እጥር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያነብ ሰው ልጅቷ መጨረሻ ላይ አንድ ድንቅ ችሎታ እንዲገኝባት ይጠብቃል። ሺህ ቁጥር በቃሏ፣ ወይም አንድ ጊዜ የሰማችውን ሁሉ። በዚያ ብቻ ይቅር ይሏታል። እኔ እንዲህ ያለ ችሎታ የለኝም። ቁጥር አልችልም። የምሰፋው ደህና አድርጌ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ይቅርታም አልጠይቅም።

ሦስት ቀን ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ አባቴ በጥምቀት ሥራ ተጠምዶ ስፌቱን ልብ አላለም። ሦስቱንም ቀን የዓለምወርቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን ሁሉ ጻፍኩ። ልጆቹ ግን ልብሴን አዩት። በእኛ አገር ልብስ ገልብጦ የሚለብስ አእምሮው የተነካ ነው፤ ካልሆነም ሐዘን የመታው። «ማን ሞተባት?» ይሉኛል፤ ማንም አልሞተብኝም እላለሁ። ይስቃሉ። ለምን እንደሚስቁ ስላልገባኝ ብዙም አልከፋኝ።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአባቴ ሱቅ ጎን የሚሰፋው አዳሙ በር ላይ ቆሞ አየኝና ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተጣራ።

«አያ ዐብደላ፣ ለልጅህ የምትሰፋው ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ?»

ሰፊዎቹ ከየደጃቸው ሳቁ። አባቴ ወጣ። እኔን አየ፣ ልብሱን አየ። አልጮኸም፤ አባቴ አይጮኽም። ቤት ወስዶ በገዛ እጁ አወለቀልኝና የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ቁልፉን የቁልፎች ጣሳ ውስጥ ከሸሚዝ ቁልፎች ጋር ደባለቀው። ከዚያ ለኢልሃም አንድ ነገር ብቻ ነገራት። «ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው።»

ይህን አረፍተ ነገር ለዓመታት ስመረምረው ኖሬያለሁ። ያኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፦ የልብስ ውጩ የደንበኛው ነው፤ ውስጡ ግን የሰፊው ነው። ትርፉ፣ የታሰረው ክር፣ የጠመኔው መስመር፣ ሁሉም የሙያ ምስጢር ነው፤ ለዚህ ነው የሚደበቀው። ኢልሃም ምስጢሩን አውጥታ በእኔ ገላ ላይ በከተማው አዞረችው። አባቴ ስለ ስፌት የተናገረ መሰለኝ። ገመና ያለው እኛን ሁለታችንን እንደሆነ ለማወቅ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

ትምህርት ቤት ቀረሁ። ሌላ ዩኒፎርም ተሰፋልኝ፤ አልለበስኩትም። በልምጭ ሞከሩኝ፤ አልለበስኩትም። ስለዚህ በኢልሃም አሮጌ ልብስ ተጠቅልዬ ከመጋረጃው ጀርባ እውላለሁ። እሷ ትሰፋለች፣ ድምፅዋን ታዜማለች፤ እኔ ክር እለያለሁ። ደስተኛ ነበርኩ ብል አልዋሽም። ግን ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ የለበሱ ልጆች በሱቁ ፊት ሲያልፉ፣ የዓለምወርቅ ዛሬ ምን ጻፈች ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ጥምቀት አለፈ። ሱቁ ጭር አለ። አባቴ ሳል ጀመረው፤ ማታ ማታ የማኪናውን ጎማ ይዞ እስኪለቀው ድረስ ይንደቀደቃል። በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ አዲስ ወሬ ገባ። ከድብ ባሕር ከተማ ሰዎች ይመጣሉ። ኢልሃምን ያያሉ። ጉድለት ሊታይባት አይገባም። ከተስማማቻቸው ይወስዷታል፤ እዚያም የራሷ ማኪና ይገዛላታል።

እኔ ሰፊ ቤት ነው ያደግኩት። ሰዎች መጥተው የሚያዩት ስፌት ነው፤ ጉድለት ተብሎ የሚፈለገውም የተጣመመ ጠርዝ፣ የረዘመ እጅጌ ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፦ ድብ ባሕር ላይ አንድ የስፌት ቤት ሊከፈት ነው፤ የኢልሃምን ሥራ አይተው ሊወስዷት ነው። ማኪናውስ ለምን ይገዛላታል ታዲያ? እናቴ ኢልሃምን ከጓዳ ተቀምጣ ታሠለጥናት ነበር፤ ቀና በይ፣ ጣትሽን አትሺ፣ አታዚሚ፣ ሲያናግሩሽ ዓይናቸውን እዪ። ይህ ሁሉ ከስፌት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም፤ የትልልቅ ሰዎች ብዙ ነገር እንዲሁ ስለሆነ አልጠየቅኩም።

አባቴ ራሱ አረንጓዴ ልብስ ሰፋላት። ከላይ ሲታይ የሚያምር ነበር፤ አንገቱ ላይ ወርቅማ ክር ዞሮበታል። ውስጡን ግን አይቼዋለሁ። በሳሉ መካከል ተጣድፎ የሰፋው ነበርና ክሩ ተንጨብርሯል፣ አንድ ቦታ ስፌቱ ስቶ ሁለት ጊዜ ተደግሟል።

ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ኢልሃም ማዜም አቆመች። ማኪናዋ ብቻውን ሲጮኽ ሰማሁት። ከሄደች ልብሴን ማን እንደሚገለብጥልኝ አሰብኩ፤ «የቱ ጋ ነው?» የሚለኝ ማን እንደሚሆን አሰብኩ። ያኔ ወሰንኩ። እንዳይወስዷት ስፌት እንደማትችል ማሳየት አለብኝ። ትልቅ ሰው ሁሉ የተቆጣበት አንድ የእሷ ሥራ ነበር፤ እሱም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

መጡ። ዓርብ ነው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀመጡ፤ ዋናው ሐጅ ቡሽራ የሚባሉ፣ ጺማቸው ነጭ፣ ሲናገሩ ቃል በቃል የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። ሻይ ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ። ረጅም ወሬ ተወራ፤ ኡዘይር ስለሚባል፣ ሚስቱ ስለሞተችበት የእህል ነጋዴ። ይህ ኡዘይር የስፌት ቤቱ ባለቤት መሰለኝ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆሜ፣ ጣሳውን በእጄ ይዤ፣ ከሸሚዝ ቁልፎች መካከል የሣጥኑን ቁልፍ እየፈለግሁ ነበር።

ኢልሃም ሻሿን አስራ፣ አረንጓዴውን ለብሳ መጣችና በሳሎኑ መግቢያ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሐጅ ቡሽራ መልሱን ከራሷ አፍ ካልሰማሁ አልሄድም ብለው ነበር። እንዲህ ብለው ጠየቋት፦

«ልጄ ኢልሃም፣ ኡዘይርን ፈቅደሻል?»

ዝም አለች። ዓይኗ የሐጁ ትከሻ ላይ ነው። አውራ ጣቷ ጠቋሚ ጣቷን በጣም በፍጥነት ያሸዋል።

ሐጁ ጥቂት ጠብቀው ደገሙት። አሁንም ዝም አለች። ሁለተኛው ሽማግሌ እፎይ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈና ልጃገረድ ዝም ካለች ፈቅዳለች፣ ማፈሯ ነው፣ ሕጉም ይኸው ነው አለ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ሳሉን በመዳፉ አፍኖታል።

ቁልፉን አገኘሁት።

እንዴት እንደለበስኩት አላስታውስም። የማስታውሰው ሳሎኑ መሐል ቆሜ፣ የሦስቱ ሽማግሌዎች ጫማ በር ላይ ተደርድሮ፣ ጨርቁ ገላዬ ላይ ዝም እንዳለ ነው። በሕይወቴ ውሸት ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ እንዴት እንደሚዋሽም አላውቅም። ልምምድ ያደረግኩበትን አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገርኩ።

«እትዬ ኢልሃም ስፌት አትችልም። ይኸው፣ እዩት።»

ሁሉም እንዲያዩት ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጎኔን፣ ጀርባዬን፣ ብብቴን አሳየኋቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሻይ ብርጭቆ ሸፈነው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

ኢልሃም አየችኝ። ፊቴን አይደለም፤ ስፌቱን። የራሷን ሥራ ከአንገቱ እስከ ጠርዙ ተከትላ አየችው። ጣቷ ቆመ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ ልጅቷ አፈረች፣ ትመጣለች እያለች ሻይ ለመጨመር ተጣደፈች።

መጣች። ሻሿ እንደታሰረ ነው። አረንጓዴውን ልብስ ግን ገልብጣ ለብሳዋለች። ወርቅማው ክር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የአባቴ የተንጨባረረ ክር፣ የጠመኔው መስመር፣ የሳተው ስፌት፣ ሁሉም ውጭ ነበር። ዱካዋን አልፋ ሳሎኑ መሐል፣ ከእኔ አጠገብ ቆመች። ደግሞም ማዜም ጀመረች፤ ያችኑ አንዷን ድምፅ፣ ከፍም ዝቅም ሳትል።

የምትረዳኝ መሰለኝ። ግን የሚታየው የእሷ ሥራ ስላልነበረ ነገሩ እንዳይሳሳትባቸው ማስተካከል ነበረብኝ።

«ይህን የሰፋው ደግሞ አባቴ ነው» አልኳቸው።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ተቆጣ። ምን ማለት ነው፣ በቁማችን ሐዘን ልትቀመጥብን ነው ወይስ ንቀት ነው እያለ ወደ አባቴ ዞረ። ሐጅ ቡሽራ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙት። ኢልሃምን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ልክ ሰፊ እንደሚያይ። ከዚያ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ሦስተኛ መጠየቅ አያስፈልግም» አሉ። «ይህች ልጅ ዝም አላለችም።»

ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው።

እኔ አሸነፍኩ። ያሸነፍኩት ግን በውሸት ነበር፤ ያውም ከከተማው ሁሉ የተሻለ የምትሰፋዋን አክስቴን አትችልም ብዬ በሰው ፊት። በተጨማሪም የአባቴን ስም አጠፋሁ። ይህን ውሸት እንደ ድንጋይ ተሸክሜው አደግኩ። በደረስኩበት ሁሉ የኢልሃምን ስፌት አወድስ ነበር፤ ሰው ሳይጠይቀኝ፣ አንዳንዴ ለማያውቋት ሰዎች። እናቴ ይቺ ልጅ ምን ነካት ትላለች።

በማግስቱ ጠዋት ኢልሃም አረንጓዴውን ልብስ እንደተገለበጠ ለብሳ ወጣች። እጄን ያዘች፤ እኔም ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ። ከአዲስ ዓለም እስከ አራዳ በእግራችን ሄድን። ሰው ከየበሩ እየወጣ ያየናል። ኢልሃም መሐል መንገዱን ይዛ እያዜመች ትሄዳለች፤ ሌላ ጊዜ አጥር አጥሩን ነበር የምትሄደው። የሰፊዎቹ ሰፈር ስንደርስ አዳሙ በሩ ላይ ነበር።

«ዛሬስ ሁለት ሆናችሁ?» አለ።

ኢልሃም ቆመች።  በሩ ላይ ለደንበኛ የሰቀለውን አዲስ ኮት ከመስቀያው አወረደች፣ እጅጌዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠች፣ ወደ ብርሃኑ ይዛ ገበሩን ተመለከተች፣ ከዚያ እንደተገለበጠ መልሳ ሰቀለችውና መንገዷን ቀጠለች። ገበሩ ሦስት ዓይነት ጨርቅ ተቀጣጥሎበት ነበር። አንገቱ ሥር ያለው የዱቄት ከረጢት ነው፤ ጽሕፈቱ ይነበባል። የሰፊዎቹ ሳቅ እስከ ታች ተሰማ። አዳሙ ከዚያ ቀን ወዲህ በሱቃችን ፊት ሲያልፍ ስለ አየሩ ሁኔታ ብቻ ነበር የሚያወራው።

አባቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሁለታችንም ጋር አልተነጋገረም። ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴ ኋላ እንደነገረችኝ ደረቱ ታሞ ነበርና እኔ ብሞት ኢልሃምን ማን ይይዛታል የሚለው እንቅልፍ ነስቶት ነበር። ኡዘይርም ደግ ሰው ነበር ይባላል። እሺ። ይህን ሁሉ አውቄም ቢሆን ነገሩን አላለሰልሰውም፤ ዝምታዋን እሺ ነው ብለው ሊወስዷት ነበር፣ ወንድሟም ዝም እንደምትል እያወቀ መሬት መሬት ሲያይ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ዩኒፎርሜን አምጪው አለኝ። መልሶ የሚቆልፈው መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። የኢልሃምን ስፌት ከዳር እስከ ዳር መረመረው፤ የወጡ ሁለት ክሮች ቆረጠ፤ ካውያውን አሙቆ ትርፉን በሁሉም ጎን ተኮሰው።

«የሚታይ ከሆነ ይጥራ» አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም፤ ኢልሃም መጋረጃው ኋላ ነበረች።

የዒድ ኮቱን ለብሶ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ይቅርታ ሊጠይቅ የሚሄድ መሰለኝ፤ ኮቱን የሚለብሰው ለዒድና ለለቅሶ ብቻ ነበርና። ዳይሬክተሩ ቢሮ ሲገባ እኔ ውጭ ቆየሁ። ውስጥ ያለውን የሰማሁት አድጌ፣ ከየዓለምወርቅ ነው፤ እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ዳይሬክተሩ ደንብ አለ፣ ተማሪ ልብስ ገልብጦ አይገባም ብለዋል። አባቴ ሲያስል ቆይቶ እንዲህ አላቸው፦

«በስፌቱ ማፈር ያለብኝ ሰፊው እኔ ነኝ። እኔ ካላፈርኩ እናንተ ምን አገባችሁ?»

ያን ዕለት ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ተማርኩ። አባቴ በ1999 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ በየመስከረሙ አዲሱን ዩኒፎርሜን የምትሰፋው ኢልሃም፣ የሚተኩሰው እሱ ነበር። ስለዚያ ዓርብ ግን አንድ ቀንም አላነሣም።

ሃያ አራት ዓመቴ ላይ አንዲት ሐኪም ነገሩን ኦቲዝም ይባላል አለችኝ። ወረቀት ሰጠችኝ። ሱቅ ተመልሼ ለኢልሃም ነገርኳት፤ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

«ስም አወጣችልኝ» አልኳት። «ስትነግረኝ አንቺንም አሰብኩሽ።»

ቁልፉን ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ልካችንን ለወጠችው?»

«አልለወጠችውም።»

«እንግዲያ ደህና» አለችና ሌላ ቁልፍ አነሣች።

ያን ቀን ድፍረት አገኘሁና ያን የቆየ ውሸት ነገርኳት። ስፌት ቤት ሊወስዷት መስሎኝ እንደነበር፣ እንዳይወስዷት ብዬ ሥራዋን በሽማግሌ ፊት እንዳዋረድኩት፣ አሥራ ስድስት ዓመት እንደጸጸተኝ። ኢልሃም መርፌዋን አስቀመጠች። ይህን የምታደርገው ከስንት አንዴ ነው። እስካሁን በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። እንቢ የሚለው ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ሰው ሲበዛ አይወጣም። ያልወጣውን ደግሞ እሺ ብለው ወሰዱት። አበቃልኝ ብዬ ነበር። አንቺ ያን ልብስ ለብሰሽ ስትገቢ፣ ለካ በዚህም ይባላል አልኩ።»

«አትችልም ስልሽ አልከፋሽም?»

«አልሰማሁሽም» አለች። «ስፌቱን እያየሁ ነበር። ጥሩ ተቀምጦልሽ ነበር።»

አሁን 2009 ዓ.ም. ነው። ሱቁ የሁለታችን ነው። መጋረጃውን አንሥተነዋል፤ ኢልሃም ከፊት ተቀምጣ ትሰፋለች፣ ታዜማለች፤ የማይወድ ደንበኛ ሌላ ሰፊ ሞልቶለታል። ባለፈው ሳምንት እናኑ የምትባል እናት ከመካነ ብርሃን ስድስት ዓመት የሆናትን ልጇን እስከዳርን ይዛ መጣች። ልጅቷ ጋቢ ተጠቅልላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። እናቷ ቀስ ብላ ስታስረዳኝ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ እንደመለሷት፣ ልብስ እየቀደደች እንደምትጥል፣ ጠበል እንደወሰደቻት ነገረችኝ። አንድ ሰው ወደዚህ ሱቅ ጠቆማት።

እናኑ ስፌቱ ወደ ውጭ የወጣ ዩኒፎርም ሳሳያት ፊቷ ጠቆረ።

«ሸጋ ነው፤ ግን እንዲህ ተገልብጦ ሰው ምን ይላታል?»

«ብዙ ይላታል» አልኳት። «እሷ ግን ትማራለች።»

ጎንበስ አልኩ። የልጅቷን ፊት አላየሁም፤ ትከሻዋን አየሁ።

«የቱ ጋ ነው?»

 ከእስከዳር ጋቢ ውስጥ አንድ ጣት ወጣና አንገቷን ነካ። ብብቷን። ወገቧን። ከኋላዬ የኢልሃም ማኪና ቆመ፤ አፍታ ቆይቶ እንደገና ቀጠለ።

የእስከዳርን ዩኒፎርም ነገ ሊወስዱት ይመጣሉ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ጠርዝ ዘመዘምኩና ለኢልሃም አቀበልኳት። ጣቷን ከአንገቱ እስከ ወገቡ በውስጥ በኩል አንሸራተተች፤ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች፣ ተመለሰች፣ አለፈች። ካውያውን አንሥቼ ትርፉን በሁሉም ጎን ተኮስኩት። የወጣ አንድ ክር ነበር፤ ቆረጥኩት። አጥፌ፣ ስፌቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ከበሩ ትይዩ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።